የዳልጮ በር

ዳልጮን አልወደውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ አዘነለት እንዳትሉኝ ነው።

በሶዶ፣ ከገበያው አጠገብ ባለች ትንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ዓመታት ተቀምጧል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጋዜጣ የማነበው እዚያ ስለሆነ በየቀኑ ፊቱን አያለሁ። ሥራው አንድ ነው። የሚገባውን ሰው መታወቂያ ይቀበላል፣ እንጨት ሳጥኑ ውስጥ ይሰካል፣ በምትኩ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ይሰጣል። ስትወጣ ቆርቆሮውን መልሰህ መታወቂያህን ትወስዳለህ። አንድ ጊዜ ትልቅ መዝገበ ቃላት ጠፍቶ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው በኋላ ግን ለማንም የማይበገር ሆነ። እኔን ራሴን፣ የረሳሁትን መነጽር ልወስድ ብመለስ፣ «መታወቂያ!» ብሎኛል። ስሜን እያወቀ!

ዘንድሮ የመራጮች ምዝገባ ሲጀመር የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ማርያማዊት አንድ ደግ ነገር አሰበች። የምዝገባ ጣቢያው ሩቅ ነው፤ በስልክም ይቻላል ተብሏል፤ ግን ገበያ ውሎ የሚገባ ሰው ዘመናዊ ስልክ ከየት አባቱ ያመጣል? ስለዚህ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር እኔ ልሙላላቸው አለች። በአማርኛም በወላይትኛም ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፦ «መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ።»

ይዘው መጡ። ዳልጮም በር ላይ ተቀበላቸው።

እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱ። መታወቂያውን ያልሰጠ አይገባም፤ የገባ ደግሞ መታወቂያ የለውም። ሰዎቹ ማርያማዊት ፊት እየቆሙ ቆርቆሮ ያሳዩዋት ጀመር። በሩ ድረስ ሄዳ «እባክዎ፣ ለዚህ ጉዳይ የመጡትን ያሳልፏቸው» ብትለው፣ «ደብዳቤ አለሽ?» አላት። ጠረጴዛዋን ወደ በረንዳው ላውጣ ብትል የንብረት መውጫ ፈቃድ ጠየቃት። የመታወቂያዎቹን ቁጥር ከሳጥኑ ልትገለብጥ ብትሞክር፣ «የሰው ምስጢር ነው!» ብሎ በሁለት እጁ ሸፈነው። ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዳቸው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ደውላ ስትነግራቸው «ተነጋግራችሁ ፍቱት» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማርያማዊትና ዳልጮ ሰላምታ ተዉ።

የተመዘገቡት ሁለት መታወቂያ ያላቸው ብቻ ናቸው። የኮሌጅ ተማሪው የኮሌጁን መታወቂያ በር ላይ ትቶ የቀበሌውን ይዞ ይገባል፤ የቢሮ ሠራተኛውም፣ የጡረታ መታወቂያ ያለኝ እኔም እንደዚሁ። አንድ ብቻ ያለው ግን ተመላልሶ ይቀራል። ጎደሬ የምትሸጠው አስናቀች ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ዕቃዋን ለጎረቤት አደራ እየሰጠች ስንት ጊዜ መጣች! አንድ ቀን የመታወቂያዋን ቁጥር መዳፏ ላይ አስጽፋ ገባች፤ ማርያማዊት ጋ እስክትደርስ ላብ ግማሹን አጠፋው።

የሚያናድደው፣ ዳልጮ ራሱ ምርጫ ምርጫ ሲል የከረመ ሰው ነው። ባለፈው ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ አመለጠው። «ዘንድሮ ግን ከመሞቴ በፊት ድምፄን እሰጣለሁ» ያላለው ሰው የለም። እሱም ግን ቀኑን ሙሉ በር ላይ ነው፤ ስልኩም ከመደወል ሌላ ሥራ አታውቅም። በኮንትራት የተቀጠረ ስለሆነ የሥራ መታወቂያ እንኳ አልሰጡትም። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባላል።

በምዝገባው የመጨረሻ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዳልጮ ኮቱን ቆልፎ ወደ ውስጥ ሊገባ ተነሣ። የቀበሌ መታወቂያው ከደረት ኪሱ ብቅ ብሏል። ደረጃው ላይ የመለሳቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አስናቀችም አለች፤ እኔም ቆሜያለሁ።

«አንተ ሰውዬ!» አለችው አስናቀች። «ያንተ መታወቂያ ሳጥን አይገባም?»

«እኔ ሠራተኛ ነኝ።»

«ለሥራ ነው የምትገባው? ለካርድ ነው። እኔም ለካርድ ነው።»

ሰው ሳቀ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። የዳልጮ ፊት ጠቆረ። ከዚያ ያደረገውን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ተመለሰና የራሱን መታወቂያ ሳጥኑ ውስጥ ሰካ፤ ለራሱ ቆርቆሮ ሰጥቶ ገባ።

በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«መታወቂያ፣ አቶ ዳልጮ?» አለች ማርያማዊት።

«በር ላይ ነው።»

«እንግዲያው አይቻልም።»

በዚያች ደቂቃ ፊቷ ላይ ደስታ አይቻለሁ፤ እሷንም ለዚህ አልምራትም። ዳልጮ ወጥቶ ሳጥኑ ፊት ቆመ። አስናቀች ተነሥታ ተጠጋችው፤ አሁን ድምፅዋ ለስልሷል።

«ታ ኢሻው» አለችው፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ሰዓት አለ። ያንተን አውጣ፤ የኔም እጄ ላይ ነው። አብረን እንግባ። ማን ይጠይቅሃል?»

እጁን ወደ ሳጥኑ ሰደደ። ከዚያ ቀና ብሎ ደረጃው ላይ ያለውን ሰው አየ። አሁን መታወቂያውን ይዞ ከገባ ያን ሁሉ ሰው የመለሰው በከንቱ ነው ማለት ነው፤ ይህን ያሰበ ይመስለኛል። ቆርቆሮውን ቦታው መለሰ፣ መታወቂያውን ኪሱ ከተተ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ሕግ ነው» አለ።

አስናቀች በወላይትኛ፣ ልተረጉመው የማልፈልገውን ነገር ብላው ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ማርያማዊት ኮምፒውተሩን አጠፋች።

በምርጫው ማግሥት ጋዜጣ ላነብ ሄድኩ። ከፊቴ የተሰለፉት ሁሉ ጣታቸው ላይ ቀለም አለ። ዳልጮ ከእያንዳንዱ እጅ መታወቂያ ይቀበላል፣ ቆርቆሮ ይሰጣል። ተራዬ ሲደርስ መታወቂያዬን ትቶ ጣቴን አየ።

«በውኃ ይለቃል?» አለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይለቅም» አልኩት። እንዲያመው ፈልጌ ነው። ቆርቆሮዬን ተቀብዬ ገባሁ።