እምቢ ያለው ነጭ ድንጋይ

ስምንት ወር ሙሉ ድንጋዩ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ ከአባቷ ወንበር ፊት ለፊት፣ መቶ ሃምሳ ሊትር ጨዋማ ውሃ የያዘ የመስታወት ገንዳ አለ፤ በውስጡ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ ስድስት ቀንድ አውጣዎችና የተቆለለ ድንጋይ። ዓሦቹ ደህና ናቸው። ቀንድ አውጣዎቹም ምንም አልጎደለባቸውም። ድንጋዩ ግን ልክ እንደገባበት ዕለት አጥንት የመሰለ ነጭ ነው።

ይበልጥ የሚያናድዳት ደግሞ ማንቆርቆሪያው ነው። ኩሽና ያለው ማንቆርቆሪያ ማንም ሳይለምነው በየሳምንቱ ውስጡን ነጭ ቅርፊት ይለብሳል። እሷ ሥራዋ ጥርስ ማጽዳት ነው። ታካሚዎቿ ሁሉ «ሲስተር» ይሏታል፤ እኛም ሲስተር እንበላት። ሃያ ሁለት ዓመት ከሰው ጥርስ ላይ ድንጋይ ስትፍቅ ኖራለች። በማይፈለግበት ቦታ ሁሉ ድንጋይ ይጋገራል፤ እንዲጋገርላት በምትለምንበት በአንዱ ቦታ ግን ወይ ፍንክች!

የምትፈልገው ኮራላይን የሚባለውን ሮዝና ሐምራዊ ቅርፊት ነው። ባሕር ውስጥ ድንጋዩን ሁሉ ቀለም እንደተቀባ ግድግዳ የሚያለብሰው እሱ ነው። ሲስተር ባሕር ጠልቃ አታውቅም። ነገሩን የሰማችው ከአባቷ ነው። አባቷ ወደብ ላይ ጠላቂ ነበሩ፤ መርከብ ሥር ገብተው ሆዱ ላይ የተጋገረውን ሁሉ በብረት እየፋቁ ሠላሳ ዓመት ሠሩ። ልጅ ሳለች ማታ ማታ ሲመጡ «ዛሬም የወደቡ ግንብ ሮዝ ሆኖ ዋለ» ይሏት ነበር፤ እሷም ግንቡን ማን ቀባው ብላ ትጠይቃለች።

አሁን ዓይናቸው ደክሟል። መሐሉን ጭጋግ ስለያዘው አንድ ነገር ማየት ሲፈልጉ ፊታቸውን ዘወር አድርገው በጎን ነው የሚያዩት። ሐኪሙ ሲስተርን ለብቻዋ ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ ቀለም መለየቱ ከአንድ ዓመት በላይ ላይቆይላቸው እንደሚችል ነገራት። ይህን ካለ አሥር ወር ሆነው። ገንዳውን ያስገባችው ለዚህ ነው፤ ያንን ግንብ አንድ ጊዜ እንዲያዩት። ለእሳቸው ግን «ቤቱን ያሳምራል» ብላ ነው የነገረቻቸው።

በየማለዳው እንደ ዘበት ትጠይቃለች።

«አባባ፣ ዓሦቹ ምን ቀለም ናቸው?»

«ብርቱካናማ። ትናንትም ብርቱካናማ ነበሩ። ድንጋይሽስ?»

«ነጭ።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ስፍቀው የኖርኩትን ነገር አንቺ ቤት አስገብተሽ ትለምኚዋለሽ። እሱም አውቆብሽ ይኮራብሻል!»

ሲስተር በዘፈቀደ የምትሠራ ሰው አይደለችም። ፍሪጁ ላይ ሰንጠረዥ ለጥፋለች። በየእሑዱ ከገንዳው ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ትቀዳለች፤ መመርመሪያውን ጠብታ በጠብታ ትጨምራለች፤ ቀለሙ እስኪለወጥ ትቆጥራለች። ካልሲየም አራት መቶ ሃያ፣ ማግኒዥየም አንድ ሺ ሦስት መቶ፣ ሙቀት ሃያ አምስት ዲግሪ፤ ሁሉም ስለ ጨዋማ ገንዳ የገዛችው መጽሐፍ እንዳለው ነው። ከመጽሐፉ ያነበበችው ግን የቁጥሩን ምዕራፍ ብቻ ነበር። ማዕድኑ ከተሟላ ቅርፊቱ እንደ ማንቆርቆሪያው በራሱ ይመጣል ብላ አምናለች።

አንድ እሑድ የዓሣው ምግብ ቆርቆሮ ተጋምሶ አገኘችው።

«አባባ፣ ዓሦቹን ቀን ስንት ጊዜ ነው የሚመግቧቸው?»

«ሲርባቸው።»

«መራባቸውን በምን ያውቃሉ?»

«መስታወቱ ድረስ ይመጡልኛል። ሲጠጉ ደግሞ ደህና አድርገው ይታዩኛል።»

የዓሣ ምግብ ሲበዛ ውሃው ውስጥ ፎስፌት ይከማቻል፤ ፎስፌት ሲበዛ ደግሞ ያ ቅርፊት አያድግም። የስምንት ወሩ ንዴት አንድ ላይ ግንፍል አለ። «እርስዎ ነዎታ ያበላሹት! እኔ በጠብታ እየለካሁ እርስዎ በእፍኝ ይበትናሉ!»

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ የአባቷ ወንበር ወደ መስኮቱ ዞሯል።

ያን ዕለት የፎስፌት መመርመሪያ ይዛ ነበር የመጣችው። ለካች። ደገመች። ከልኩ አላለፈም። ይቅርታ ማለት ግን ምላሷ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ጥፋቱ የእሳቸው ካልሆነ የማን እንደሆነ ገና አላወቀችማ።

ያወቀችው በሳምንቱ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሥራ ቦታዋ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ሳለ ነው።

«ሲስተር፣ አምና ሙልጭ አድርገሽ ፍቀሽልኝ አልነበር? ከየት ነው የሚመጣው ይሄ ድንጋይ? ጠጠር አልቆረጥምም እኮ!»

በቀን አሥር ጊዜ የምትለውን አለችው። «ምራቅህ ውስጥ ካልሲየም አለ። ግን ካልሲየም ብቻውን ምንም አያደርግህም። መጀመሪያ ሕይወት ያላቸው ጀርሞች ጥርስህ ላይ ይለጠፋሉ፤ ድንጋዩ የሚሠራው በእነሱ ላይ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ካልቀደመ…»

እጇ አፉ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«እ? ምንድን ነው? ጥርሴ ወለቀ እንዴ?»

«አይ፣ ያንተስ ደህና ነው» አለች። «የወለቀው የኔ ጭንቅላት ነው።»

ኮራላይን ከጥርስ ድንጋይም የባሰ ጉድ ነው። ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ አልጌ ነው፤ እንደ ማንኛውም ቅጠል ከብርሃን የሚኖር ሕይወት። ከውሃው ካልሲየም እየሳበ የገዛ አካሉን ወደ ድንጋይ ይለውጣል፤ ቤቱን እየገነባ በቤቱ ውስጥ ያድጋል። ማዕድኑ ለእሱ ሲሚንቶ ነው። ግንበኛው ከሌለ ግን ሲሚንቶው ቢቆለል ግድግዳ አይቆምም።

ግንበኛው ደግሞ አንድ ጊዜ እጇ ገብቶ ነበር። በመጀመሪያው ወር የዓሣ ሱቁ ባለቤት «ዘር ይሁንሽ» ብሎ ቡጢ የሚያክል ሮዝ ድንጋይ ሰጥቷት ነበር። አሁን በቀጥታ ወደ እሱ ሄደች። ሰውየው እጁን ገንዳ ውስጥ ነክሮ ጠጠር ያስተካክላል።

«ያን ሮዝ ድንጋይ እኮ… አጽድቼው ነበር ያስገባሁት።»

«በምን አጸዳሽው?»

«በአውቶክሌቭ። የጥርስ መሣሪያ የምንቀቅልበት። በመቶ ሠላሳ አራት ዲግሪ እንፋሎት።»

ሰውየው ውሃ የሚንጠባጠብ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «የተቀቀለ ባቄላ ዘርተሽ ነዋ ስምንት ወር ማሳ ዳር የተቀመጥሽው! ነጭ ሆኖ ሲወጣስ ምን መሰለሽ?»

«እድፍ የለቀቀ። ጥርስ ላይ የሻይ እድፍ እንደሚለቀው።»

«ኧረ ሲስተር!»

«ለጀርሙ ብዬ ነው።»

«ጀርሙን እኮ ነው የሰጠሁሽ!»

ከጓሮ አሮጌ የፓምፕ ክዳን አመጣላት። ጥቁር ፕላስቲክ መሆኑ እስኪጠፋ በሐምራዊ ቅርፊት ተሸፍኗል። ከነውሃው ባልዲ ውስጥ ጨመረው። «አታለቅልቂው። አትሺው። አንቺን ሳውቅሽ፣ ባይሆን እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ከተሽ ሂጂ።»

«ባልዲውንስ ማን ይይዘዋል?» አለችው፤ መሳቅ አለመሳቁን አላየችም።

ቤት ስትደርስ ባልዲውን አባቷ እግር ሥር አስቀመጠች። «አባባ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም። ዘሩን ቀቅዬው ነው።»

ፊታቸውን ከመስኮቱ አላዞሩም። «እናትሽም እንዲሁ ነበረች» አሉ። «ሰማያዊ የሥራ ሸሚዞቼን ሁሉ ቀቅላ ነጭ አድርጋቸዋለች። ወደብ ላይ ዳቦ ጋጋሪው ይሉኝ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ወንበሩን አዙሪልኝና ይቅር እልሻለሁ። ከባድ ነው፤ ሳዞረው ወገቤን ቆርጦኛል።»

ዘሩ እንዴት እንደሚበተን የነገሯት እሳቸው ናቸው። የመርከብ ሆድ ሲፋቅ ዱቄቱ ከወራጁ ጋር ሄዶ ግንቡ ላይ ያርፋል፤ ከርሞም እዚያ ሮዝ ነጥብ ያወጣል። ሲስተር ያረጀ የጥርስ መፋቂያዋን አመጣች፣ ማጣሪያውን ዘጋች፣ ክዳኑን ፓምፑ ውሃ በሚተፋበት በኩል ይዛ ፋቀችው። ሃያ ሁለት ዓመት ስትፍቅ ፍቅፋቂውን ስትጥል የኖረች ሴት፣ ዛሬ ለፍቅፋቂው ስትል ፋቀች። ሮዝ ዱቄት እንደ ጭስ ተነሥቶ ነጩን ድንጋይ አለፈው።

አባቷ ፊታቸውን ዘወር አድርገው በጎን አዩ። «ይኼ ነው» አሉ። ዱቄቱ ወዲያው ጠፋ።

ይህ ከሆነ ስድስት ሳምንት አለፈው። በሁለተኛው ሳምንት መስታወቱ ላይ ቡናማ ብናኝ ወጣ፤ እሷም ስልክ እያወራች፣ ሳታስበው፣ ከጥግ እስከ ጥግ ሙልጭ አድርጋ ፋቀችው። ወደ ሱቁ ደውላ ስትነግረው ባለቤቱ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች መስታወት ላይ ሲወጡ ብናኝ ይመስላሉ፤ ምናልባት እነሱን ጠርጋቸው ይሆናል፣ ምናልባትም አይሆንም። የፓምፑን ክዳን እንደገና ፋቀች። እንደገና ከዜሮ።

ትናንት ጠዋት አባቷን ጠየቀቻቸው።

«ዓሦቹ ምን ቀለም ናቸው?»

ዘግየት አሉ። «ብርቱካናማ። ዛሬ ወደ ቢጫ ያደላሉ መሰለኝ።»

ኩሽና ገብታ ማንቆርቆሪያውን አየችው። ባለፈው ሳምንት የታጠበው እንደገና ነጭ ለብሷል። ወርውሪው ወርውሪው አላት።

አሁን የምትሞክረው ከመለካትም ከመጨመርም የከበደ ነገር ነው፤ አለመንካት። በአባቷ ወንበር በኩል ያለውን መስታወት አትፍቀውም፣ ቡናማውም ቢወጣ፣ አረንጓዴውም ቢወጣ። ራሷን ስለማታምን መፋቂያውን ለአባቷ ሰጥታቸዋለች፤ እሳቸውም ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ እንደ እስክሪብቶ ሰክተውታል። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት የጥርስ ማያ መነጽሯን አድርጋ ተንበርክካ ትመለከታለች። ዛሬ ከታች በኩል፣ ጥላው ጋ፣ የመርፌ ጫፍ የማያህል ነገር አለ። ብናኝ ይሁን ነጥብ አይለይም። በጣት ጥፍር ጫር ቢደረግ ወዲያው ይታወቅ ነበር።

ጣቷ ሳታዘው ወደ ውሃው ተነሣ።

«እጅሽን!» አሉ አባቷ፣ ፊታቸው ወደ መስኮቱ፣ ዓይናቸው በጎን እሷ ላይ።

እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።