በጎታው ሥር የኖረችው

አጎቴ ብልባላ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ ላሊበላ ከተማ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ አባባ ነው የምላቸው። ሚስታቸው ካረፉ፣ ዓይናቸውም እየደከመ ከመጣ ወዲህ ወደ እኔ ቤት ላመጣቸው ያልለመንኩት ልመና የለም። መልሳቸው ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«እሷን ለማን ጥዬ?»

እሷ የሚሏት እባቧን ነው! በድንጋዩ ግድግዳና በእህሉ ጎታ መካከል የምትኖር፣ ክንድ የምታህል ቡናማ እባብ። ዛፍ ላይ አትወጣ፣ ቆጥ ላይ አትወጣ፤ መሬት ለመሬት እየተሳበች አይጥ ትለቅማለች። በእኛ ቤት እባብ አይገደልም፤ ስሟም አይጠራም፣ «እሷ» ነው የምትባለው። የአጎቴ ሚስት ወተት በናጡ ቁጥር በገል አሬራ አድርገው ግድግዳው ሥር ያስቀምጡላት ነበር። እውነቱን ለመናገር አሬራውን የሚጠጡት አይጦቹ ናቸው፤ እሷ ደግሞ አይጦቹን ትበላለች። ሁሉም ደስ ብሎት ያድራል።

ሁሉም ስል እኔን ሳይጨምር ነው። እባብ ስፈራ ለጉድ ነው! ልጅ ሳለሁ እህል ቅጂ ስባል ጎታውን በሩቁ በዱላ እየመታሁ ነበር የምጠጋው። አባባ ይስቁብኛል። «ኧረ ቀስ በይ፣ ቤቷን ልታፈርሺባት ነው!» ይላሉ። አንዳንዴ ከእኔ ይልቅ ለእሷ የሚያዝኑ እየመሰለኝ ሆድ ይብሰኝ ነበር።

ካደግሁም በኋላ በየሳምንቱ እሄድላቸው ነበር። ገና ከደጃፉ ሳልገባ «እሷ ደህና ናት?» እል ነበር፤ በየት በኩል እንደምትመጣብኝ ለማወቅ ነው። «ደህና ናት፤ ትናንት በአጠገቤ አልፋ ሄደች» ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ቆርጬ ተነሳሁ። መኪና ኮንትራት ይዤ ሄድኩ። «ዛሬስ ሳልወስድዎት አልመለስም» አልኩና ልብሳቸውን መሸከፍ ጀመርኩ። ይዘነው የምንሄደውን ገብስ ልቀዳ ወደ ጎታው ስጠጋ ግን ክው ብዬ ቀረሁ። የጎታው ሥር ተቦርቡሯል፣ ገብሱ መሬት ላይ ፈሷል። አንዲት አይጥ በቀን ብርሃን፣ ማንንም ሳትፈራ፣ ከፊቴ ተንጎራድዳ አለፈች። እሷ ባለችበት ቤት እንዲህ ያለ ድፍረት ታይቶ አይታወቅም።

«አባባ፣ እሷ የለችም አይደል?»

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ከጠፋች ቆየች» አሉ። «ከፋሲካ ወዲህ አልመጣችም። አርጅታ ነበር፤ ሞታ ይሆናል።»

«ታዲያ ስጠይቅዎት ደህና ናት የሚሉኝ ለምንድን ነው?»

«ሌላ ምን ልበልሽ? እንዲሁ ቤቴን አልለቅም ብልሽ እሺ ትዪኝ ነበር? ሚስቴን በዚህ በር ነው የሸኘኋት። እኔንም በዚሁ በር አውጡኝ፣ ልጄ።»

ንዴቱም፣ እንባውም፣ ሳቁም አንድ ላይ መጣብኝ። እንዴት እንደሳሳሁላቸው! ወጥቼ ሹፌሩን ብቻውን ሸኘሁት። ተመልሼ የሸከፍኩትን ልብስ ፈታሁና በየቦታው ሰቀልኩት።

«በሚቀጥለው ሳምንት ድመት አመጣልዎታለሁ» አልኩ። «አይጥ እህልዎን ሊጨርሰው ነው።»

እጄን በዳበሳ ፈልገው ያዙኝ።

«ብቻ ጯሂ እንዳትሆን» አሉ።