ያላነበብኩላቸው ገጽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የፎቅ ጎረቤቴ ምክር ፈልጋ ቤቴ መጣች። ሕይወት ትባላለች፤ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ የውጭ ኩባንያ ቢሮ ትሠራለች። ኩባንያው ለአካባቢው ሰው አንድ በጎ ነገር መሥራት አስቧልና፣ እንደ ሰፈሩ ባህል መጀመሪያ ማን ዘንድ መሄድ እንዳለባቸው እንድነግራት ጠየቀችኝ። ያንኑ ጥያቄ በወጣትነቴ አንድ ሰው ጠይቆኝ፣ አሳምሬ መልሼለት ነበር።

ያኔ ቃሊቲ በሚገኝ የውጭ ዜጎች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አስተርጓሚ ነበርኩ። ስቀጠር ዋስ አምጪ ተባልኩ። አባት ስላልነበረኝ የፈረሙልኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛና የዕድራችን ዳኛ።

ፋብሪካው የማቅለሚያውን ውኃ የሚለቀው ወደ ወንዙ ነበር። ወንዙ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ በማግሥቱ እንደ ጠላ አተላ ሆኖ ይወርዳል። በበጋ ውኃው ሲሳሳ ሽታው የከባድ መኪናውን የናፍጣ ጭስ ያስረሳል። ከታች ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙት ሴቶች እጃቸው ይቆስል ነበር። ጎመኑን ግን እንበላዋለን፤ ሌላ ምን ይበላል?

ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ሄንሪክ ረጋ ያለ፣ ሰው ሲናገር ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት ለሰፈሩ አንድ ነገር ሥራ ተብሎ ታዟል፤ የኳስ ሜዳ አሰበና መጀመሪያ ማን ዘንድ ልሂድ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ እዚህ አገር ስጦታ ይዞ ዘሎ አይገባም፣ መጀመሪያ የሰው ለቅሶ ይደረሳል፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ይጠየቃሉ አልኩት። ሰማኝ።

ብዙም ሳይቆይ የአንዲት ሠራተኛ እናት ሞቱ። ሄንሪክ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ንፍሮውን በመዳፉ ተቀብሎ በላ። የዕድሩ ድንኳን የተቀዳደደ ስለነበር ዝናቡ ትከሻው ላይ ይንጠባጠባል፤ ግን አልተነሣም። ሰፈሩ ሁሉ ስለ እሱ አወራ። እኔም የወለድኩት ይመስል ኮራሁ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹን ጠየቃቸው። ጋሽ ደምሴ መጀመሪያ ውኃው ይስተካከል፣ ድንኳኑ ከዚያ ወዲያ ነው አሉ። ተረጎምኩ፤ ሁለቱንም ጻፈ። መስከረም ላይ የመጣው ድንኳኑ ነው፤ አዲስ፣ ነጭ፣ ከነአግዳሚው። ውኃውም በቅርቡ ይስተካከላል ተባለ። ሽማግሌዎቹ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት።

ቀጥሎ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሁለት ገጾች ቀረቡ። የመጀመሪያውን አነበብኩላቸው፤ የርክክብ ወረቀት ነው። ሁለተኛውን ሳነሣ ሄንሪክ ቅጂ ነው አለኝ። ዞር ብዬ፣ ይሄኛውም ያው ነው አልኳቸው። ፈረሙ፤ የዕድሩ ማኅተም አረፈበት።

ወራት አለፉ፤ ወንዙ ያው ነው። ሽማግሌዎቹ ለመንግሥት አመለከቱና አንድ ኃላፊ መጥቶ ሁላችንንም ፋብሪካው አዳራሽ ሰበሰበን። ሄንሪክ ያቺን ሁለተኛ ገጽ አወጣ። ኃላፊው በአማርኛ እየመለሰ አነበባት። የአካባቢው ሽማግሌዎች ስለ ፋብሪካው ፍሳሽ ተመካክረው ቅሬታ እንደሌላቸው አረጋግጠዋል ትላለች።

ጋሽ ደምሴ ሄንሪክን አላዩትም። ያዩት እኔን ነው።

"ልጄ፣ ያን ቀን ያነበብሽልን ይሄን ነው?"

አላነበብኩትም፣ ቅጂ ነው ብሎኝ ነው አልኳቸው።

"እንግሊዝኛ አለማወቃችን አላስፈራንም ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "አንቺ አለሽ ብለን።"

ስብሰባው ሲበተን ሄንሪክን ቢሮው ገብቼ ለምን ዋሸኸኝ አልኩት። አልተቆጣም።

"ማንበብ ያንቺ ሥራ ነበር" አለኝ።

በማግሥቱ ሥራውን ለቀቅኩ። የሽማግሌዎቹ ማመልከቻ በዚያችው ገጽ ምክንያት ተዘጋ። በሳምንቱ እሑድ ስድስት ሰዎች አዲሱን ድንኳን ተሸክመው ፋብሪካው በር ላይ አስቀመጡትና ሄዱ። ስጦታ መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እነዚያ ሰዎች በዕድሜያቸው አድርገውት አያውቁም።

በዚያው ክረምት እናቴ ሞተች። ማንም የሚመጣልኝ አልመሰለኝም። ግን መጡ። አሮጌው ድንኳን ተጠጋግኖ ተሰፍቶ ደጃችን ላይ ቆመ። ጋሽ ደምሴ ቀብሩንም፣ ንፍሮውንም፣ መስተንግዶውንም አንድ ሳያጎድሉ አስተባበሩ። በሦስተኛው ቀን ፊቴ መጥተው ቆሙ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" አሉኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንቀልባ ላይ ሳለሁ የሚያውቁኝ ሰው አንቱ አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ እስኪሞቱ ድረስ ወደ አንቺ አልተመለሱም።

ሄንሪክ ባህላችንን ስላላወቀ ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን አውቆታል። አብሮ ንፍሮ የበላ ሰው እንደማይጠረጠር፣ መርቀው የተቀበሉትን ሰው ወረቀትህን ድገምና አንብብልን ማለት እንደሚያሳፍር ከብዙዎቻችን በላይ ገብቶታል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።