የትርንጎን ልብ የቆጠረው ሰዓት

የአሰልጣኝነት ሥራ የጀመርሁት በሰዓት ያዥነት ነው። በመጀመሪያው ቀን የክለባችን ዋና አሰልጣኝ የነበሩት ጋሽ አሞኘ የሩጫ ጊዜ መቁጠሪያውን ሰዓት፣ ስቶፕዎቹን፣ በክሩ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና «ስንዱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዓይንሽ ከልጆቹ አይነቀል፤ ጣትሽ ከዚህ አይነሣ» አሉኝ። እኔ ራሴ ሯጭ ነበርሁ፤ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ገና ማቆሜ ነው። ሌላው ሲሮጥ ቆሞ ማየት ሞት መስሎ ነበር የታየኝ።

ያን ዕለት ልጆቹ ዙሩን ጨርሰው ሲያለከልኩ፣ ጋሽ አሞኘ አንዷን ጠርተው የልቧን ምት እንድቆጥር አዘዙኝ። እኔም አውራ ጣቴን ጉሮሮዋ አጠገብ ለጠፍሁት። «ኧረ በስመ አብ! አውራ ጣት እኮ የራሱ ትርታ አለው። በእሱ ከቆጠርሽ የራስሽን ልብ ለልጅቷ ትሰጫታለሽ!» ብለው እጄን መነጨቁኝ። ሌባ ጣትና መሀል ጣት፣ ከጉሮሮው ጎን፣ ብዙ ሳይጫኑ፣ ዐሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት። የመጀመሪያ ትምህርቴ ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት አንገት ነክቻለሁ መሰላችሁ! ባሌ እንኳ «ስታቅፊኝ ትርታዬን አትቁጠሪ» ይለኛል።

ከሰዓት ያዥነት ወደ ምክትል አሰልጣኝነት፣ ጋሽ አሞኘ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ወደ ዋና አሰልጣኝነት አደግሁ። ልጆቹ «ኮች» ይሉኛል፤ ፊት ለፊቴ ማለቴ ነው። ከኋላዬ የሚሉኝንም አውቃለሁ፣ ግን አልነግራችሁም።

እጅ ላይ የሚታሰሩት ጂፒኤስ ሰዓቶች የመጡት አቶ ደምሴ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ከተሾሙ በኋላ ነው። አቶ ደምሴ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ቁጥር የሚወዱ፣ ልብሳቸው የማይጨማደድ ሰው ናቸው። ደጅ ጠንተው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ሰዓት አመጡ። ሰዓቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሮጠ፣ በምን ፍጥነት እንደተሮጠ፣ ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ ይመዘግባል። ከዚያ ሁሉንም ወደ እሳቸው ስልክ ይልካል። እኛ ዓባይ ማዶ ስንሮጥ እሳቸው ቢሮ ቁጭ ብለው ያዩናል ማለት ነው።

ልጆቹ በደስታ አበዱ። ችግሩ፣ መንገዱን ትተው እጃቸውን እያዩ መሮጥ ጀመሩ። አንዱ ከባጃጅ ጋር ሊላተም ለጥቂት ተረፈ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ደምሴ ጠሩኝ። ስልካቸው ላይ የሐይቁን ዳር ካርታ አውጥተው የተሮጠበትን ቀይ መስመር አሳዩኝ። መስመሩ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ሲደርስ ጣና ውስጥ ይገባና፣ ውኃው ላይ ሽው ብሎ፣ ተመልሶ ይወጣል።

«ኮች ስንዱ፣ ልጆቹን ታንኳ ላይ አሳፍረዋቸው ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ በእግራቸው ነው የሄዱት። ተባርከው ይሆናላ» አልኋቸው።

ሳቁ። «እሺ ይሁን። ይቺኛዋ ደግሞ እዚህ ጋ አንዱን ኪሎ ሜትር በሁለት ደቂቃ ሮጣለች ይላል።»

«እንዲያ ከሆነማ አሁኑኑ ሐውልት ያሠሩላት።»

ነገሩ ከባድ አይደለም። ሰዓቱ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት ነው። ዛፍ ሲጋርደው ወይም ፎቅ ሲከበው ይስታል። ትራክ ላይ ኩርባውን ይቆርጠዋል። ሯጩ ፍጥነት ሲለውጥም ዘግይቶ ነው የሚነቃው፤ የሚነግራችሁ አሁን ያላችሁበትን ሳይሆን ቅድም የነበራችሁበትን ነው። ስለዚህ በመሸንቲ መንገድ፣ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት፣ የመለኪያ ጎማ እየገፋሁ አስፋልቱ ዳር በየኪሎ ሜትሩ ነጭ ቀለም ቀባሁ። ገበያተኛው ሁሉ «መንገዱ ሊሰፋ ነው?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍጥነት የምንይዘው በቀለሙና በስቶፕዎቹ ሆነ፤ የእጁን ሰዓት ደግሞ ከእሱ ጋር እናስተያየዋለን።

የልብ ቆጠራውም ቢሆን ጣጣ ነበረው። ጠዋት የሐይቁ ብርድ እጅን ሲያደነዝዝ፣ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ሰዓቱ እንደ አምባር ሲንከባለል፣ ያልሆነ ቁጥር ያወጣል። አንድ ቀን ደግሞ የሁለት ልጆች ቁጥር ከመነሻ እስከ መድረሻ ቁርጥ አንድ ሆኖ መጣ። አቶ ደምሴ ተደነቁ። እኔ አልተደነቅሁም። አንደኛው ተኝቶ ሰዓቱን ለጓደኛው ሰጥቶት፣ ጓደኛው በሁለት እጁ ሁለት ሰዓት አስሮ ሮጦለት ነው። «ልባችሁ እንዲህ አንድ ከሆነ ቅጣታችሁም አንድ ነው» ብዬ ሁለቱንም አሮጥኋቸው።

እኔ የሰዓት ጠላት አይደለሁም። ጠባዩን ለሚያውቅ ሰው ጥሩ አጋዥ ነው።

ትርንጎ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ከመሸንቲ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ፣ በወረዳ ውድድር ታይታ የተመለመለች ልጅ ናት። ጭምት ናት፤ ሙቀት እንኳ ቢሆን የቱታዋን እጅጌ አትሰበስብም። እግሯ ግን አጭር አጭር፣ ፈጣን፣ መሬቱን ነካ አድርጎ የሚለቅ ነው። ቀስ ብላም ሮጠች ፈጥና፣ የእርምጃዋ ምት አይለወጥም፤ የሚለወጠው ስፋቱ ብቻ ነው። ይህን ለማስያዝ ሌሎቹ ላይ ዓመት ሙሉ እለፋለሁ፤ እሷ ይዛው መጣች። «ይቺ ልጅ በሚመጣው የሯጮች ምርጫ ውድድር አልፋ ክልሉን ትወክላለች» ብዬ ለባሌ ነገርሁት።

ሰዓት በተሰጣት በሳምንቱ አቶ ደምሴ ቢሮ አስጠሩኝ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«የትርንጎን ልብ ይዩት» ብለው ስልኩን ገፉልኝ።

በከባዱ ልምምድ ቀን መቶ ሰማንያ። በቀላሉ ቀን መቶ ሰማንያ። ማሟሟቂያ ላይ ሳይቀር እዚያው አካባቢ። የሌሎቹ በቀላሉ ቀን ከመቶ አርባ ብዙ አያልፍም።

«ሰዓቱ ተበላሽቶ ይሆናል» አልሁ።

«ሌላ ቀየርኩላት። በሌላውም ያው ነው።»

«እንግዲያው እኔ አንገቷን ይዤ ልቁጠር።»

«ኮች፣ እርስዎን አምናለሁ። ግን እርስዎ የሚቆጥሩት ከቆመች በኋላ ነው። እኔን ያስፈራኝ እየሮጠች ያለው ነው» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቀድሞ በሠሩበት ክለብ አንድ ልጅ ዓይናቸው እያየ ልምምድ ላይ ወድቆ አልተነሣም። «ለእናቱ መርዶውን የነገርኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ መርዶ አልናገርም» አሉኝ።

በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እፈራለሁ።

ትርንጎ ወደ ክለቡ ሐኪም ተላከች። ዶክተሩ ወጣት፣ ታጋሽ ሰው ነው። ልቧን በመሣሪያ መርምሮ «አርፋ ሳያት ጤነኛ ናት። ሰዓቱ የሚለው እውነት ከሆነ ግን እየሮጠች መታየት አለባት፤ ለዚያ አዲስ አበባ ወረፋ መያዝ ሊኖርብን ነው» አለን። ወረፋው የሚደርሰው ከምርጫው ውድድር በኋላ ነው። እስከዚያ እንዳትሮጥ ታገደች። አቶ ደምሴ ደግሞ ቁርጡን ነገሩኝ፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሌላ ነገር ካልተገኘ ትርንጎ ወደ ቤተሰቧ ትመለሳለች።

መመለስ ብቻ ቢሆን ምን ነበረ! «ልቧን ታማለች» ተብላ የተሸኘችን ሯጭ የትኛው ክለብ ይቀበላታል? ማንም አይቀበላትም። ያ ወሬ እሷ የምትሄድበት ሁሉ ቀድሟት ይደርሳል።

ከሁሉ የከፋው እሷም ማመኗ ነው። ሹም አቦ ሰፈር፣ ልጃገረዶቹ በሚኖሩበት ቤት ሄጄ ሳያት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «ኮች፣ አሁንስ ለእኔም ይሰማኝ ጀመር፤ ድው ድው ይላል» አለችኝ። «ድው ድው የማይል የማን ልብ አለ? የሚያስፈራውስ ዝም ሲል ነው!» ብዬ ጮኽሁባት። ሳቅ ሲላት እንባዋ መጣ።

ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ከነከነኝ። ትርንጎ በቀላሉ ቀን ከጓደኞቿ ጋር እያወራች ነው የምትሮጥ። ልቡ መቶ ሰማንያ የሚመታ ሰው ደግሞ ወሬ አያምረውም፤ ትንፋሽ ፍለጋ ላይ ነው። ልብ ዳገት ላይ ይጨምራል፣ ቁልቁለት ላይ ይቀንሳል። ይሄኛው አይጨምርም፣ አይቀንስም። በትርንጎ ሰውነት ላይ በደቂቃ መቶ ሰማንያ ሆኖ ፈቅ የማይል አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፤ እሱም እርምጃዋ ነው። ሰዓቱ እግሯን እየቆጠረ ልብ ነው ቢለንስ? ግን የሌሎቹን ልብ በደህና እየቆጠረ የእሷን ብቻ ለምን ይስታል?

በማግስቱ ጠዋት ተመልሼ ሄድሁ። «እስቲ እጅሽን፤ ሰዓቱን እንዴት እንደምታስሪው ልየው» አልኋት።

ቀኝ እጇን ሰጠችኝ። ሰዓቱ ያለው ግራው ላይ ነው።

«ያኛውን ነው እንጂ!»

«እሱ ጠብቋል ኮች።»

«ታዲያ ላላላልሽ።»

እጇን ወደ ኋላዋ ሸሸገች። አብራት የምታድረው ልጅ አልጋዋ ላይ ሆና መሬት መሬት ታያለች። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ መልሼ ለምኜ ሰዓቱን ፈታሁት። ከሥሩ፣ ልክ በሰዓቱ መጠን፣ ጥቁር ሰማያዊ የመስቀል ንቅሳት አለ። ዙሪያው ክብ፣ ውስጡ በነጠብጣብ የተሞላ፣ የባለሙያ እጅ ያረፈበት ሥራ ነው።

«አንቺ! ይህን የመሰለ ነገር ይደበቃል?» አልኋት።

«የመጣሁ ዕለት ሳቁብኝ። ‹ሰዓት ተነቅሰሽ ነው የመጣሽ?› አሉኝ። ሰዓቱ ሲሰጠኝ ልክክ ብሎ ሸፈነልኝ። ከዚያ ወዲህ ስተኛም አላወልቀውም።»

ወደ ጓደኛዋ ዞርሁ። «ቀልድ ነበር እኮ ኮች» አለችኝ። የሚገባትን ነገርኋት፤ እዚህ አይጻፍም።

እዚያው ቆሜ ለዶክተሩ ደወልሁለት። የእግሯንም የንቅሳቱንም ነገር ዘረዘርሁለት። «እንዴ!» አለ፣ «ሰዓቱ እኮ ልብን የሚቆጥረው ከሥሩ ባለው አረንጓዴ መብራት ነው።» መብራቱ ቆዳውን አልፎ የደሙን እንቅስቃሴ ያያል። ንቅሳት ላይ ሲያርፍ ግን ቀለሙ መብራቱን ይውጠዋል። ደሙ ሲጠፋበት ከክንዱ መወዛወዝ የሚያገኘውን ምት ልብ ነው ብሎ ይይዛል። ክንድ ደግሞ የሚወዛወዘው ከእግር እኩል ነው። «ግን ኮች፣ ይህ እስኪረጋገጥ ግምት ነው። እኔ አብሬ ልሁንና አቶ ደምሴ ፊት እንሞክረው» አለኝ። አነጋገሩን ወደድሁለት።

አቶ ደምሴ በሰጡን ጊዜ የመጨረሻ ቀን መሸንቲ መንገድ ላይ ተገናኘን። ዶክተሩ የልብ ማዳመጫውን ይዟል፤ ደረት ላይ የሚታሰር፣ ልብን ከዚያው ከደረት የሚቆጥር ቀበቶም ተውሶ አምጥቷል። ቀበቶውን አስረን፣ በሁለት እጆቿ ሁለት ሰዓት አደረግንላት፤ ግራው ንቅሳቱ ላይ፣ ቀኙ ባዶ ቆዳ ላይ፣ ከእጅ አንጓዋ አጥንት ከፍ ብሎ ጠበቅ ያለ።

«ፈራሁ ኮች» አለችኝ በጆሮዬ።

«እኔም። በይ ሩጪ።»

በዝግታ ተነሣች፤ እኛ በመኪና ከጎኗ። የመጀመሪያውን ነጭ ቀለም ስታልፍ አቶ ደምሴ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ግራሽ ስንት ይላል?»

«መቶ ሰማንያ!»

«ቀኝሽስ?»

«መቶ ሠላሳ ስምንት!»

ዶክተሩ የቀበቶውን ቁጥር ስልኩ ላይ አይቶ «መቶ ሠላሳ ዘጠኝ» አለ። ከዚያ «አሁን ትፍጠን» ብሎ ፈቀደ። የቀበቶው ቁጥር ወጣ፤ የቀኙም ትንሽ ዘግይቶ ተከትሎት ወጣ። ግራው እዚያው መቶ ሰማንያ ላይ እንደተቸከለ ቀረ። አስቆምናት። ዶክተሩ በማዳመጫው፣ እኔ በሁለት ጣቴ ቆጠርን፤ ቁጥራችን ገጠመ። ልቧም እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሯጭ ልብ ቶሎ ቶሎ ወረደ። ዶክተሩ «እኔ አልከለክላትም፤ ትሩጥ» አለ።

አቶ ደምሴ አስፋልቱ ዳር ቆመው ግራ እጇን ይዘው ንቅሳቱን አዩት።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ ሳየው የነበረው የልቧን አልነበረም?»

«የእግሯን ነበር» አልኋቸው።

«ልመልሳት የነበረው በእግሯ ምት...»

«አዎ። እኔ ለምርጫው የፈለግኋት በዚያው እግሯ ነው።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እንኳን ተሳሳትኩ» አሉ።

ትርንጎ በምርጫው ሮጣ ክልሉን ወከለች። የመለኪያ ጎማውና የነጭ ቀለሙ ጉዳይ ለማንም ይገባል፤ ለወጣት አሰልጣኞች የምለው ይህን ብቻ ነው። ሰዓቱ ያለውን ከማመናችሁ በፊት የታሰረበትን እጅ እዩ። እኔ አዲስ ልጅ ሲመጣልኝ፣ ሰዓት ከመስጠቴ በፊት፣ የልጁን ሁለቱንም እጅጌ አሰበስባለሁ።