ጨዋ የተባለችው ልጅ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ተቆፍሮ ነበር። የቀላል ባቡሩ መስመር የሚሠራበት ጊዜ ስለነበር ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ አቧራና ጩኸት ብቻ ነው። ታክሲው ማለፍ ቢያቅተው ወርጄ በእግሬ ገባሁ። በተፈጥሮዬ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ኃላፊው ክፍሌን እስኪያሳዩኝ ኮሪደሩን ስመላለስበት ቆየሁ።

ክፍሏ ወደ መንገዱ የምታይ ጠባብ ቤት ናት። ኃላፊው ሐኪም ናቸው። «የሥነ ልቦና ባለሙያ ስንቀጥር አንቺ የመጀመሪያችን ነሽ። ሰው ቶሎ ቶሎ አስተናግጂ» አሉኝ። ታካሚዎች ነጭ ጋዋኔን አይተው «ሲስተር» ይሉኛል። ነርስ አይደለሁም እያልኩ ማስረዳቱ ሲታክተኝ ተውኩት።

የዚያኑ ዕለት ጋሽ መኩሪያ መጡ። በባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ የአቃቂ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ በለጡ ተከትለዋቸዋል። ከኋላ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የሳበችው ልጃቸው ሂሩት ናት፤ ሃያ ዓመት አልፏታል።

«ሲስተር፣ ልጄ ጨዋ ናት» አሉ ጋሽ መኩሪያ ገና ሳይቀመጡ። «ቀና ብላ ሰው አይታ አታውቅም፤ ሠፈር ይመስክር። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ብለናል፣ ሰርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ምን እንደነካት እንጃ። አትናገር፣ አትበላ፣ ሰው ሲነካት ትጮሃለች። ጸበል ወስደናት ወንዶች ይዘዋት ተጠመቀች፣ ጭራሽ ባሰባት። ለሰርጓ አድርሽልኝ።»

ኃላፊው ኮሪደር ላይ ያዙኝ። «ድብርት ነው፤ መድኃኒት ልጀምርላት። አረጋግጪልኝ።»

«ገና አላየኋትም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እውነት ለመናገር እኔም መጠይቄን አውጥቼ መጀመር አምሮኝ ነበር። ነገር ግን በጉልበት የተያዘ ሰው ከመመርመሩ በፊት ማንም እንደማይይዘው ማወቅ አለበት፤ የሥራችን ሕግ ነው። በሩን ከፍቼ ተውኩትና የት መቀመጥ እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ውጭ ማሽኑ ድንጋይ በመታ ቁጥር ትከሻዋ ይዘላል፣ ጆሮዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጓሮ ወጥተን ከውሃ ታንከሩ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እጇ ነጠላውን ለቀቀ።

እትዬ በለጡን ስለ ልጅነቷ ጠየቅኋቸው። «አስቸግራኝ አታውቅም» አሉ። «ከልጆች ጋር አትጫወትም። ቆርኪ በየቀለሙ ትደረድራለች፤ አንዱን ካነሱባት ቀኑን ሙሉ ለቅሶ ነው።»

መጠይቁ ከውጭ የመጣ ነው። «የሰው ዓይን ታያለች?» ይላል። ይህ ለእኛ ምን ይረባል! ታላቅ ፊት ዓይኗን ያልሰበረች ልጅ እኛ ዘንድ ባለጌ ናት። ስለዚህ ጥያቄውን አዞርኩት።

«እኩዮቿንስ ታያለች? የእህቷን ሕፃን ስታቅፍስ?»

እትዬ በለጡ ጥቂት አሰቡ። «ሕፃኑንም አታየውም» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ ዓይነ አፋር ናት ብዬ ነው።»

ከልደት ጀምሮ ያለ፣ ድምፅና ንክኪ የሚያስጨንቅበት ኦቲዝም እንደሆነ ጠረጠርኩ። በዚያን ጊዜ ኦቲዝም ሲባል ሰው የሚያስበው የማይናገር ትንሽ ወንድ ልጅ ነው፤ ያደገች ልጃገረድ ለማንም ትዝ አትልም። ይህን ለኃላፊው ብነግራቸው ሳቁብኝ። ጾሙ እየገፋ ሄደ። ጋሽ መኩሪያ በመጡ ቁጥር «ትደርስልኛለች?» ይሉኛል፤ ኃላፊው በመስኮት ብቅ እያሉ ሰዓታቸውን ያያሉ። እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ጠዋት ጓሮ ተቀምጠን ሳለ ሂሩት «እሺ አላልኩም» አለች።

ሌላ ጥያቄ ላለመደርደር ምላሴን ነከስኩ።

«ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን አባዬ ጠራኝ። ትፈልጊዋለሽ ወይ አለኝ። ሰው ብዙ ነው፣ ሁሉም ያወራል፣ ቃሉ አልመጣልኝም። ዝም አልኩ። እልል አሉ።»

ልጃገረድ ለጋብቻ ስትጠየቅ አቀርቅራ ዝም ትላለች፤ ቤተሰብም እሺ እንዳለች ይቆጥረዋል። በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ክፉ አልነበረም። ለአባቷ ማን እንዲነግራቸው እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። «አንቺ ንገሪው። እኔም እዚህ ልሁን» አለች።

ጋሽ መኩሪያን ጓሮ አስጠርቼ ነገርኳቸው። ሲሰሙ ከአግዳሚው ብድግ አሉ። «ሽማግሌ ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ! ዘመድ ጠርቻለሁ! ቤቴን ልታፈርሺ ነው?»

«ጋሽ መኩሪያ፣ ልጅዎ ስትፈጠርም እንዲህ ናት። የጎዳት በጉልበት መያዟና መልሷ አለመጠበቁ ነው። አሁን እንደገና ይጠይቋት። መልሱ ይዘገያል፤ ይታገሷት።»

ተቀመጡ። «ሂሩቴ፣ ልጁን ትፈልጊዋለሽ?»

ዝም አለች። አባት ሊደግሙ አፋቸውን ሲከፍቱ እጄን አነሣሁ። ቆየን። እኔም እግሬን መሬት ላይ እየመታሁ እንደሆነ ሳስተውል አቆምኩ።

«አልፈልግም፣ አባዬ» አለች መሬት መሬቱን እያየች።

ጋሽ መኩሪያ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ዝም ስትይ ደስ ብሎሽ መስሎኝ» አሉ።

ለሽማግሌዎቹ የሰጡትን ቃል አንሥተው ሰርጉን አስቀሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከዚያ በኋላ ሰላም ብለዋቸው አያውቁም። ጋሽ መኩሪያም እኔን «አዋረድሽኝ» ብለውኛል፤ ሂሩትን ግን ከቀጠሮዋ አስቀርተዋት አያውቁም። መብላት ጀመረች። ከኋላ የነካት ሰው ሲኖር ግን ለረጅም ጊዜ ትጮህ ነበር።

ጀማሪ ባልደረቦቼ ስለ ምርመራ ሲጠይቁኝ መጠይቁንም ነጥብ አሰጣጡንም አስተምራለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን እነግራቸዋለሁ፦ ዝም ያለ ሰው ገና አልመለሰም።