የጉኑኖው ጠሪ

በጉኑኖ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ የደገፉ ጩፋሞ ድምፅ ጎሕ ሲቀድ ከተሰማ፣ «ምን ይል ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የሚጠየቀው «ማን?» ብቻ ነበር።

ደገፉ የዕድሩ ጠሪ ነው። ሰው ሲሞት የእጅ ድምፅ ማጉያውን አንግቶ ከገበያው በላይ ካለው ጉብታ ይጀምርና በየመንደሩ መታጠፊያ እየቆመ በወላይትኛ ይጠራል። አጠራሩ ሥርዓት አለው። ሰላምታ ያስቀድማል፤ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ይላል፤ ከዚያ የሟቹን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ይናገራል፤ በመጨረሻ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ያስታውቃል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያችን ዝምታ ነው። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሴቲቱ የያዘችውን ታስቀምጣለች፤ ባልየው እግሩን ጫማው ውስጥ እየከተተ ጆሮውን ያቀናል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን በሽተኛና የራሱን ሽማግሌ በልቡ ይቆጥራል። ስሙ ሲጠራ የአንዱ ቤት ዋይታ ይጀምራል፤ የተቀረው ደግሞ በሚያሳፍር እፎይታ ትንፋሹን ይለቅቃል፤ ካባውን ደርቦም ይወጣል።

ደገፉ ያን ማጉያ ለሌላ ነገር አንስቶት አያውቅም። የምርጫ ተወዳዳሪዎች ለምነውት እምቢ ብሏል። የራሱ ቤተ ክርስቲያን የጉባኤ ጥሪ እንዲያሰማለት ጠይቃው አንገቱን ደፍቶ እምቢ ብሏል። ከሁሉ አብዝቶ የሚነዘንዘው ግን ቡሽራ ነበር። ቡሽራ አባቱ ከስልጤ መጥተው ጉኑኖ የከተሙ፣ ራሱም እዚያው ተወልዶ የሸመገለ ባለሱቅ ነው። ከገበያው ፊት ለፊት ባለው ሱቁ ከሳሙና እስከ ስልክ ቻርጀር ይሸጣል።

«አንተ ሰውዬ፣» ይለዋል ቡሽራ፣ ደገፉ ሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ላይ በተቀመጠ ቁጥር፣ «ሞት ሞት ብቻ እያልክ ጉሮሮህ አይሻክርም? አንድ ቀን እንኳ ‹ጫማ ገብቷል› ብለህ አለስልሰው።»

«ጉሮሮዬ ለአንድ ሥራ ነው የተሠራው።»

«ታዲያ ከእኔ ጋር ስትጨቃጨቅ የማን ጉሮሮ ነው?»

እንዲህ ተሳስቀው ይለያያሉ። በዓመታት ውስጥ ደገፉ ያካበተው ሀብት ቢኖር ይህ ብቻ ነው፦ አፉን ሲከፍት ሰው ያምነዋል።

ይህን ሀብት የወሰዱበት ሰዎች ተገቢውን ትሕትና ሁሉ አሟልተው ነው የመጡት። መሪያቸው ኃይለየሱስ የሚባል የሶዶ ልጅ ነበር፤ ኮምፒውተር ያጠና፣ ሽማግሌ ሲያይ ተነሥቶ የሚቆም። ኩባንያቸው ማሽኖች ወላይትኛ እንዲናገሩ የሚያስተምር መሆኑን አስረዳው። «ማሽኑ እንግሊዝኛ ችሏል፤ አማርኛም ችሏል። የእኛን ቋንቋ ካልቻለ፣ አቶ ደገፉ፣ የልጅ ልጆችዎ ከስልካቸው ጋር በሰው ቋንቋ ሊያወሩ ነው» አለው። ደገፉ ነገሩን አሰበበት። ማጉያ ማንሣት ሌላ፣ ማስተማር ሌላ ነው ብሎ ለራሱ ለየ። ትምህርት ቤት የተጠራ ያህል ደስ አለው።

ሶዶ ውስጥ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ፍራሽ በተደገፈበት የሆቴል ክፍል አስቀምጠው ዓረፍተ ነገር አስነበቡት፤ የአዝርዕት ስም፣ የወራት ስም፣ «ነገ ዝናብ ይጥላል»፣ «ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ»። መጨረሻ ላይ ኃይለየሱስ በመንደሩ እንደሚጠራው አድርጎ እንዲጠራ ለመነው።

«ያልሞተ ሰው አልጠራም» አለ ደገፉ።

«ስም አይጥሩ። ሰላምታውንና ዝምታውን ብቻ ይስጡን። ስሙን ባዶ ይተዉት።»

ደገፉ በዚህ ላይ የሚከለክል ሕግ ከራሱ ዘንድ ፈልጎ አጣ። ስም የሌለበት ጥሪ ማንንም አይገድልም ብሎ አሰበ። ስለዚህ ሰላምታውን ሰጠ፤ ዝምታውን ሰጠ፤ ከዝምታው በኋላ የሚመጣውን ቦታ ባዶ አድርጎ ተወላቸው። በታብሌቱ ላይ በጣቱ ፈረመ። የተፈረመበት ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ኃይለየሱስም «ለቋንቋ ልማት የሚል ነው» ሲል አሳጠረለት። ያሳጠረው ነገር ሐሰት አልነበረበትም። የተቆረጠው ክፍል ግን፣ ድምፁ ለማንኛውም የንግድ አገልግሎት ሊሸጥ እንደሚችል የሚገልጸው ክፍል፣ በመዘንጋት አልተቆረጠም። አንብቦ የተረዳው ሰው ነው መርጦ የቆረጠው።

ከበልግ በፊት በየቤቱ ስልክ ጮኸ። ዱቄት የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ያነሣችው ሴት የደገፉን ሰላምታ ሰማች፤ ቀጥሎም ያችን ዝምታ። ሶዶ ያለውን ልጇን፣ ቦምቤ የተዳረችውን እኅቷን አሰበች። ከዝምታው በኋላ ግን የመጣው የሰው ስም አልነበረም። ከበሽታ ነጻ የሆነ የዝንጅብል ዘር መግባቱን፣ ፈጥኖ መውሰድ እንደሚገባ የሚናገር ቃል ነበር። ማንም አልሞተም! ሴቲቱ ሳቀች፤ ጎረቤቷን ጠርታ ነገረቻት፤ በዚያ በተፈታ ልቧ ዘሩን ለመውሰድ ወሰነች። የዚህ አገር ገበሬ ቀደም ሲል አጠውልግ የተባለው በሽታ ዝንጅብሉን እንዴት እንደፈጀው አይቷል፤ ለማያውቀው ነጋዴ በቀላሉ እጁን አይሰጥም። የሞትን ድንጋጤ አስቀድሞ የምሥራቹን ለሚያስከትል ድምፅ ግን የሚመክትበት ልማድ አልነበረውም። ኩባንያው ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። በሌሎች ድምፆች ሲደውል ሰው መሐል ላይ እንደሚዘጋበት፣ በዚህኛው ግን እስከ መጨረሻ ቆሞ እንደሚሰማ በመሣሪያው ላይ ተመልክቷል፤ ተመልክቶም ጥሪውን አበዛ። ዘሩን የጫነው መኪና ሲገባ ቆሞ ያየው የግብርና ባለሙያም አንዲት ሥር ቆርሶ አልመረመረም። «ደገፉ ተናግሮለት የለ?» ነበር ያለው።

ክረምቱ ሲገፋ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ግንዱ ሲጎትቱት ያለ ተቃውሞ እየተነቀለ መጣ፤ ሥሩ ቦክቶ ይሸታል። ያ በሽታ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ሰብሉን ብቻ ሳይሆን ማሳውንም ይወስዳል።

ደገፉ ይህን የሰማው ከፀዳለ ነበር። ባሏ የሞተ ጊዜ ጠርቶላታል። ከጓሮዋ የነቀለችውን የዝንጅብል ግንድ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«እንካ፣» አለችው፣ «ያልከኝን ተከልኩ።»

«ምን ብዬሽ?»

«ደውለህ ነዋ! አሁን ደግሞ አላልኩም በለኝ።»

«እኔ ለማንም አልደወልኩም፣ ፀዳለ። ስለ ዝንጅብልም ተናግሬ አላውቅም።»

«የባሌን ስም በጠራህበት አፍህ ትዋሸኛለህ? ድምፅህ ይጠፋኛል? ጓሮዬ እኮ ሞተ፤ እሱን ደግሞ ማን ይጥራልኝ?» ግንዱን እግሩ ሥር ጥላለት ሄደች።

ደገፉ ወደ ቡሽራ ሱቅ ሄደ። ቡሽራ ለወትሮው የሚቀበለው በቀልድ ነበር፤ ያን ዕለት ግን መጋረጃውን ዘጋ። አንድ ደንበኛ የቀረጸውን ጥሪ ከስልኩ አውጥቶ አሰማው። ደገፉ ራሱን ሰማ። የራሱ ሰላምታ ነው፤ የራሱ ዝምታ ነው፤ ትንፋሹ እንኳ የራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፁ፣ እሱ በሕይወቱ ተናግሮት የማያውቀውን ነገር ያለ አንዳች መንተባተብ ተናገረ።

«አጥፋው።»

«እኔም መጀመሪያ አንተ መስለኸኝ ተቀይሜህ ነበር» አለ ቡሽራ። «ለእኔ ጫማ እምቢ ብሎ ለዝንጅብል ጠራ? አልኩ። ደግሜ ስሰማው ነው የነቃሁት። አንተ የሰው ስም ልትጠራ ስትል ታመነታለህ። ይህ አያመነታም።»

«ይህን ለሰው ንገርልኝ።»

«ነግሬያለሁ። ‹ጓደኛው ስለሆንክ ነው› አሉኝ። ሶዶ ሂድ። ከነሱ አፍ ይውጣ።»

ሶዶ ሄደ። ኃይለየሱስ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ተቀበለው፤ ወንበር ሳበለት፤ ለስላሳ አስመጣለት።

«በሰዎቹ ጉዳት በጣም አዝነናል፣ አቶ ደገፉ። ግን ዘሩን ያቀረበው ሌላ ድርጅት ነው፤ እኛ የድምፅ አገልግሎት ብቻ ነው የሰጠነው።»

«የማንን ድምፅ?»

«በትክክል ለመናገር የእርስዎን አይደለም። የተናገረው ማሽኑ ነው። እርስዎ ያንን ዓረፍተ ነገር አልተናገሩትም።»

«እሱን ነው እኔም የምለው። አልተናገርኩትም። ጉኑኖ መጥተህ ይህንኑ በሕዝብ ፊት ተናገርልኝ።»

ወጣቱ ጠረጴዛውን አየ። «ይህን በይፋ ለመግለጽ ሥልጣን የለኝም።»

«እንግዲያው ድምፄን መልስልኝ።»

«የሚመለስ ነገር አይደለም፤ ከብዙ ድምፅ ጋር ተዋህዷል። ከፈለጉ ግን ለቀጣዩ ሥራ ሌላ ውል…»

ደገፉ ለስላሳውን ሳይነካ ተነሣ። ከዚያ በገባበት ቢሮ ሁሉ፣ ድምፁ የተሰረቀ ለመሆኑ ማስረጃ እንዲያቀርብ ጠየቁት። ማስረጃው እፊታቸው ቆሞ ይናገር ነበር። አንዱ ሹም በትዕግሥት ካዳመጠው በኋላ «ስልክ ላይ የሰማሁህ አንተ ነህ ለካ!» ብሎ በደስታ ጨበጠው። አቤቱታውን የሚመዘግብበት ክፍል ግን እንደሌለው ነገረው።

በጥቅምት አንድ ማለዳ የቡሽራ ልጅ ጃዕፈር በሩን አንኳኳ። የደም ግፊት ነበረበት አባቱ፤ ለንጋቱ የሱብሒ ሰላት ሊታጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ በተጎነበሰበት ወድቆ አልተነሣም።

«ጋሼ ደገፉ፣ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ነው የምንቀብረው። ጥራልን።»

ደገፉ ማልቀሻ ጊዜ አልነበረውም። እስላም ሬሳ አያሳድርም፤ ሰው ወደ እርሻና ወደ ሶዶ ገበያ ሳይበተን መድረስ አለበት። ጉብታው ላይ ወጣ። ሰላምታውን ሰጠ። ዝም አለ። ዝምታው ወትሮ ከሚሆነው ረዘመ። «ቡሽራ» አለ በመጨረሻ፤ የአባቱን ስም አስከተለ፤ የአያቱን ስም አስከተለ።

በር አልተከፈተም።

ወደ ታች ወርዶ መታጠፊያው ላይ ደገመው። ከአንድ አጥር ውስጥ የሴት ሳቅ ተሰማ፦ «ሰማሽ? ዛሬ ደግሞ የቡሽራን ሱቅ ሊያሻሽጥ ነው!» ሌላኛዋ «ዝጊው» ብላ መለሰች፤ ስልክ መስሏት ነበር። ደገፉ ማጉያውን ከአፉ አወረደና በባዶ አፉ ጮኸ። የራሱ ድምፅ፣ ማጉያ በሌለበት ጊዜ፣ ቀጭንና የተሰነጠቀ ነው፤ የለመደው ሰው አልነበረም።

አጥር እየገፋ ገባ። ኦርካይዶ የሚባለው ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ሊወጣ ሲል ደጁ ላይ ያዘው። ይህ ሰው ማሳው ከነአፈሩ የተበላሸበት ነው።

«ኦርካይዶ፣ ቡሽራ ሞቷል።»

ኦርካይዶ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «እሺ። በሽታ የለበትም በለኛ።»

«ሰው ሞቷል እልሃለሁ!»

«አንተ ስትለኝማ ስንቱን ሰማሁ።» በሬዎቹን ነድቶ አለፈው።

ከዙህር በኋላ ቃሬዛው ሲነሣ ከሱቁ ደጃፍ የቆሙት የመስጊዱ ሰዎችና የቅርብ ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ። ለወትሮው እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ቃሬዛው ከትከሻ ትከሻ እየተሻገረ፣ አንዱ ሁለት ርምጃ ሳይሄድ ሌላው ይቀበለዋል። ያን ዕለት ግን የተሸከሙት ሳይለወጡ ተሸክመው ሄዱ። ደገፉ በስተቀኝ ከኋላ ያዘ። የቡሽራ ሚስት ከውሰር መጋረጃውን ገልጣ መንገዱን ከግራ ወደ ቀኝ አየች፤ «ሰው የት ሄደ?» ስትል ሰማት።

በገበያው መሐል ሲያልፉ ነገሩ ተለወጠ። ቃሬዛውን ያየች ጎመን ሻጭ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንዱ ሚዛኑን ጥሎ ተነሣ፤ ሌላው ከሱቁ ወጣ፤ በደቂቃ ውስጥ መንገዱ ሞላ። ጆሯቸውን ያላመኑት ዓይናቸውን አምነው ሮጡ። ከእርሻው በኩል የመጣ አንድ ሰው ጭቃ በጫማው እንደተለጠፈ፣ በሰው መሐል እየተጋፋ፣ ከደገፉ ጎን ደርሶ ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አስገባ። ኦርካይዶ ነበር።

«ማነው? ማን ነው የሞተው?»

«ቡሽራ» አለው ከፊት ያለው ጃዕፈር።

ኦርካይዶ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ደገፉ ዞሮ፣ የማለዳውን ቃል ከቶ እንዳልሰማ ሁሉ፣ ከልቡ በሆነ ቁጣ፣ ዕንባው እየወረደ፣ «ምነው? ምነው ሳትጠራን?» አለው።

ደገፉ አፉን ከፈተ። በዙሪያው ያሉት ሰዎች ምን እንደሚል ለመስማት ዝም አሉ። መልሶ ዘጋውና ትከሻውን ከሸክሙ ሥር አስተካክሎ ወደ መቃብሩ መሄዱን ቀጠለ።