ዳገት የሌለው መንገድ

ባለፈው ቅዳሜ ባተርሲ ባለችው ጠባብ ኩሽናዬ ውስጥ ሩዝ ከከረጢት ወደ ጣሳ ስገለብጥ፣ ማዕበል ሲመለስ የባሕር ዳር ጠጠር እየጎተተ የሚያሰማው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣና ከረጢቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እናቴን የዋሸኋት እንዲያ ያለ ጠጠር ላይ ቆሜ ነው።

በልጅነቴ የምንኖረው ቶተንሃም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ሲነዳ የከረመ ሰው ዕረፍት ሲወጣ መሪ ማየት የሚጠላ ይመስላችኋል፣ እሱ ግን ነሐሴ በገባ ቁጥር እኔንና እናቴን አሮጌዋ መኪናችን ውስጥ ጭኖ፣ ከኬንት ተነሥቶ ባሕሩን በግራው ይዞ እስከ ብራይተን ይነዳ ነበር። ወገቡ ከአንድ ሰዓት በላይ አያስቀምጠውም፣ የእናቴ ጉልበት ደግሞ ዳገት አይወድም፤ ስለዚህ በየመሀሉ እየወረድን በእግራችን እንሄድ ነበር። እነዚህን መንገዶች ፍለጋ ከሰኔ ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ ተጥዶ፣ በአንድ ሰማያዊ ደብተር «ሠላሳ ደቂቃ፣ ሜዳ ነው፣ መጸዳጃ አለው»፣ «እይታው ጥሩ፣ መጨረሻው ዳገት፣ ለእሷ አይሆንም» እያለ ይጽፍ ነበር።

«ሰው በእግሩ ለመሄድ ደግሞ አፕላይ ያደርጋል እንዴ?» እያለች እናቴ ታሾፍበት ነበር።

«ቼክ ሳላደርግ ከመኪና አላስወርድሽም» ይላታል ኮስተር ብሎ።

እናቴ በቤተ ክርስቲያን ጫማዋ፣ ኪሷን በቆሎ ሞልታ፣ ባሕሩ ዳር ባለው ነጭ ገደል ሥር ቀስ እያለች ስትሄድ እኔ ወደፊት እየሮጥኩ፣ እየተመለስኩ እጄን ለቆሎ እዘረጋ ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ናዝሬት ላለችው አያቴ ትደውልና፣ ባሕር በዓይኗ አይታ የማታውቅ እናቷ ድምፁን እንኳ እንድትሰማ ስልኩን ወደ ውሃው ትዘረጋዋለች። አንድ ጊዜ አያቴ «ማዶው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። «ፈረንሳይ ነው እማዬ» ስትላት፣ «ሰላም በይልኝ» አለች፤ አባቴ ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። ስልኩ ሲዘጋ ሦስታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ እናቴ ለአያቴ ዕድሜ ትለምናለች፣ እኔና አባቴ «አሜን» እንላለን። የነሐሴ ልማዳችን ይኸው ነበር።

ዐሥር ዓመቴ ላይ፣ በጥቅምት የትምህርት ዕረፍት ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስከፍት አባቴን ስልኩን ጨብጦ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘሁት። በሩን ዘጋና፣ «አያትሽ ዛሬ ጠዋት አረፉ» አለኝ፤ ቀጥሎም ሁለቱንም እጆቼን ይዞ፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ቅዳሜ በጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው በወጉ ይነግሯታል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ» አለ። በእኛ ዘንድ ሰው የእናቱን ሞት ብቻውን አይሰማም፤ የሚይዙት እጆች ተሰብስበው፣ ማልደው መጥተው ነው የሚነገረው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ግን ሁሉም በሺፍት የሚሠሩ ስለነበሩ ከቅዳሜ በፊት መሰብሰብ አልቻሉም። አንድ መደበቁን ያልሰማ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ቢደውል ሁሉ ነገር ያበቃል። ስለዚህ አባቴ ዓርብ ጠዋት የእናቴን ስልክ አጥፍቶ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከደበቀ በኋላ ሰማያዊውን ደብተር ገልጦ፣ ባሕር እንሂድ አለ።

«በዚህ ብርድ?» አለች እናቴ፤ ግን ደስ ብሏት ነበር። መንገድ ላይ ስልኳን ቤት የረሳች መስሏት ራሷን ስትወቅስ፣ አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ይነዳል።

ሄስቲንግስ አጠገብ፣ ሜዳ የሆነውን የሠላሳ ደቂቃ መንገድ መረጠ። ነፋሱ ሻርፗን እየገፈፈባት እናቴ ስትስቅ፣ አባቴ ፊቱን እንዳታይበት ከኋላችን ይከተል ነበር፤ እሷም ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? ፍቅር ኦክቶበር ላይ ጀመረው እንዴ?» አለችኝ። ለገና ፈቃድ ጠይቃ እንደተፈቀደላት፣ ለእናቷ የምትወስደው ሹራብ ምን ዓይነት እንደሚሆን እያወራች ስትሄድ እኔ ጠጠሩን እያየሁ እሄድ ነበር። መንገዱ ሲያልቅ እጇን ወደ አባቴ ዘረጋች።

«ስልክህን ስጠኝ፣ እማዬን ላሰማት።»

አባቴ አየኝ። ማንም ሳያስተምረኝ፣ «ኔትወርክ የለም ማሚ፣ ቅድም ሞክሬዋለሁ» አልኩ። ቶሎ አመነችኝ። «እንግዲያው እንጸልይላት» ብላ እጃችንን ያዘችና፣ «ጌታ ሆይ፣ ለእናቴ ዕድሜ ስጥልኝ፣ ለገና ዓይኗን ለማየት አብቃኝ» አለች። የአባቴ ድምፅ አልወጣም። እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች ስትጠብቅ ጊዜ የሁለታችንንም ድርሻ ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩ።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ፓስተሩ ከፊት፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ከኋላ ደረጃውን ሞልተውት ነበር። እናቴ በሌሊት ልብሷ ወጥታ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ ካየች በኋላ «እማዬ ናት?» አለችና ወደቀች፤ ከመሬት ሳትደርስ ስንት ክንድ እንደያዛት አላውቅም። ለቀናት ኮሪደራችን በጫማ፣ ኩሽናችን ሰው በያዘው ድስትና ፔርሙስ ተሞልቶ፣ እሷም ሳሎን ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ በሴቶች መሀል ተቀምጣ ሰነበተች።

በሦስተኛው ቀን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ባሕሩ ዳር ሳለን ታውቂ ነበር?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«አሜን ስትዪም?»

አሁንም ነቀነቅኩ። አልተቆጣችኝም። ጸጉሬን ስትዳብስ የነበረው እጇ ቆመ፣ ተነሣ፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያ እጅ ሲነሣ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

የብርዱ ወራት ነገሩን ሳናወራው አለፈ። ነሐሴ ሲመጣ አባቴ ደብተሩን ገለጠ፣ እናቴም እንደወትሮው ቆሎዋን ይዛ መኪና ውስጥ ገባች፤ በእግር ከሚኬድበት ስንደርስ ግን «እናንተ ሂዱ» ብላ ቀረች። አባቴ ጉልበቷ ነው ብሎ ራሱን አታለለ መሰለኝ፣ በየዓመቱ የሚፈልገው መንገድ እያጠረ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ ዐሥር ደቂቃ ሆነ። ደብተሩ ላይ የመጨረሻው መስመር «ከመኪናው ሳይወረድ ይታያል» ይላል። እሷ ግን መስኮቱን እንኳ አትከፍትም ነበር።

እኔ ደግሞ ካደግሁ በኋላ ከእናቴ ምንም ላልደብቅ ለራሴ ምዬ ነበር። አምና ታላቅ እህቷ ናዝሬት ስታርፍ፣ አባቴ ደውሎ እስከ እሑድ እንድጠብቅ ለመነኝ። እንቢ አልኩ። ወዲያው ደወልኩና ነገርኳት፤ ከሥራ ወጥታ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ መሀል ነበረች። ጩኸቷን ሰማሁ፣ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ከባተርሲ እዚያ እስክደርስ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጣ፣ የሽንኩርት ከረጢቷ እግሯ ሥር ተደፍቶ፣ አንዲት የማናውቃቸው ፈረንጅ አሮጊት እጇን ይዘውላት አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሰው እንኳ ሳትሰበስቢልኝ?» አለችኝ።

ያኔ ዋሽቻት ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። አሁን እውነቱን ነገርኳት፣ እህቷን ግን ብቻዋን አለቀሰች።